ከመዳፍ የተቀመሰ ቢራ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ግብዣ በተጠራሁ ቁጥር አንድ ዓይነት ሰው ከጎኔ ይቀመጣል። ከረባት አስሯል። ፊት ለፊቱ የቀዘቀዘ ቢራ ቆሟል። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሲያጋምስ ዓይኑ እንባ ያቀርርና «ወይ የኛ ጠላ፣ እንዴት ያለውን መጠጥ አጣነው» ይላል። ስለ ጌሾው ያወራል፣ በወይራ ጭስ ስለታጠነው ጋን ያወራል፣ በልጅነቱ ሰርቆ ስለጠጣው ጉሽ ያወራል። ወሬው ጉሮሮውን ስለሚያደርቀው ሌላ ቢራ ያዛል። ከግብዣው ቤት አጥር ጀርባ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ጠላ የምትሸጥ ሴት እንዳለች ብነግረው፣ «እሱማ አለ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም» ይለኛል። ሄዶ አልቀመሰውም። ጠላን የሚወደው ከሩቅ ነው።

ይህ ሰው ንግግሩን ሁልጊዜ የሚያሳርገው «ጠላን ጣሊያን ገደለው» ብሎ ነው። ጣሊያን ስንቱን እንደገደለ እኔም አይቻለሁና በሌላው ነገር ጠበቃ አልቆምለትም። በጠላው ግን በሐሰት ነው የተከሰሰው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቢራን ለሰው አፍ ያበቃችው አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። እሷም አክስቴ ናት። ያደረገችውም ጠላ ቤቷን ከመዘጋት ለማዳን ብላ ነው።

በዚያ ጊዜ ሃያ ዓመት ያለፈኝ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርጄ አክስቴ ቤት የምኖር ጎረምሳ ነበርኩ። ጣሊያኖቹ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው መንገዳቸውን ወደ ቆላው ሲያወርዱ ሮቢት ላይ የሠራተኛ ሰፈር አቋቋሙ። እኛም እንደነሱ «ካምቦ» እንለው ነበር። ተራራው ላይ ከድንጋይ ጠራቢዎቻቸው ጋር ስውል ጣሊያንኛ ለቃቅሜ ስለነበር የካምቦው አስተርጓሚ ተባልኩ። የሚያስቀና ሥራ አልነበረም። ሹሙ የሚቆጣው በኔ አፍ ነው፤ ሠራተኛው የሚሳደበው በኔ ጆሮ ነው። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት ስገባ ደግሞ የአክስቴ ደንበኞች «ባንዳው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይሉኛል። አንዳንዱ የሚለው ለቀልድ ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን አልጠይቅም።

አሁን እውነቱን ልናገርና ናፋቂዎቹ ይቀየሙኝ፤ የአክስቴ ጠላ መካከለኛ ጠላ ነበር። ጌሾው ከደጋ በአህያ ይወርዳል፣ እህሉ የቆላ ማሽላ ነው፣ ውሃው የወንዝ ነው፤ እጇም ደህና እጅ ነበር። ያስቸገራት ሙቀቱ ነው። ከቀትር በኋላ ዶሮዎቿ ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው እርጥብ ጆንያ በተጠመጠመበት ጋን ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ደጋ ላይ ቀስ ብሎ የሚደርሰው ጠላ እዚህ ይሮጣል። ጠዋት ገና ያልጠለለ ጉሽ የነበረው ማታ ደርሷል፤ በማግስቱ ጣሊያኖቹ ሰላጣቸው ላይ ቢያፈሱት የማይጠሉት ኮምጣጤ ይሆናል። ደንበኛው ይህን ስለሚያውቅ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ያረፈደው ፊቱን አጨማድዶ ይጠጣና «እትዬ፣ ዛሬስ ጠላሽ ተቆጥቷል» ይላል። «አንተ ስትዘገይ እሱ መቼ ይጠብቅሃል» ትለዋለች። ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ጭምር፣ እትዬ ነበር የሚላት።

ሰው የሚመጣላት ለመዳፏ ነው። በኛ አገር ያልተቀመሰ መጠጥ ለሰው አይሰጥም። አቅራቢው ከዋንጫው ትንሽ ወደ መዳፉ ገልበጥ አድርጎ ይጠጣል፣ ከዚያ ያቀብላል። መርዝ የለበትም፣ ካለበትም አብረን ነን ማለት ነው። ይህን የማያደርግ ጠላ ሻጭ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ግን ወይ ለይስሙላ ያደርጉታል ወይ ይሰክሩበታል። እዚያው ሰፈር አንዲት ባልንጀራዋ ለደንበኞቿ ስትቀምስ ውላ ከደንበኞቿ ቀድማ ትተኛ ነበር። አክስቴ ግን መዳፏን እንደ ማንኪያ ታጎደጉዳለች፣ ጠብታ የምታህል ታፈስበታለች፣ ሁሉ እንዲያይ ወደ ብርሃኑ ታዞራለች። ትልሳለች። ጉሮሮዋ ሲወርድ ይታያል። ከዚያ እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ዋንጫውን በሁለት እጇ ትሰጣለች። ቀኑን ሙሉ ስትቀምስ ውላ ማታ ላይ አንድ ዋንጫ አይሞላም የጠጣችው።

ከደንበኞቿ ሁሉ ይህን ነገር አጥብቀው የሚከታተሉት ከቀወት መንደሮች የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው የአንድ ባላባት ቤት አሳላፊ ሆነው፣ ለሰው ጤና ሲቀምሱ ነው ያደጉት። ከበሩ ትይዩ ይቀመጡና የእጇን አያያዝ እንደ ዳኛ ያያሉ። «ይቺ ሴት መርዝ ብታጠጣኝ እንኳ በሥርዓት ነው የምታጠጣኝ» ይሉ ነበር።

ሌላው የቤቱ ሰው ከቤቱ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ማሽላ የሚሸጡላት የይፋት ነጋዴ፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው፣ የበቅሏቸውን ግላስ ደጃፉ ጥላ ላይ አንጥፈው ከቤታቸው በቅል ያመጡትን ቀሪቦ እየተጎነጩ ይውላሉ። ቀሪቦ ከገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው። የቀወቱ ሽማግሌ ከውስጥ ሆነው ይነኩሷቸዋል።

«ሐጂ፣ ማሽላዎ እኮ እዚህ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። አያስጨንቅዎትም?»

«እኔ የሸጥሁት እህል ነው» ይላሉ ሐጂው። «ከበሩ ከገባ በኋላ የሠራውን ወንጀል አላህ ማሽላውን ይጠይቀው።»

ቢራው የመጣው ይህ ኑሮ እንዲህ እየሄደ ሳለ ነው። አንድ ቀን ካሚዮኖች ከጣርማ በር ቁልቁል የእንጨት ሳጥን ጭነው ወረዱ፤ ከአክስቴ ቤት ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ የቆርቆሮ ቤት ተሠራ። በውስጡ አንድ ቀጭን፣ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ ጣሊያን ተቀመጠ። ሠራተኛው «ባለ ቢራው» አለው፤ ሌላ ስም አልወጣለትም። ክፉ ሰው አልነበረም። ልቡ አገሩ ነበር፤ ይህንንም ለሁሉም በተለይ ለኔ ይነግር ነበር፣ ስለምሰማው።

አሁን ቢራ ሲባል በረዶ የመሰለ ጠርሙስ ይታያችኋል። ይህን እርሱት። በቆላ ፀሐይ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ የሳምንታት ጉዞ ያንገላታው ቢራ ነበር። ቆርኪው ሲነሳ ግማሹ ጣራ ይነካል፤ የቀረው ለብ ያለ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እየተሰበሰበ ሲከፈት ያይና ሳይገዛ ይመለስ ነበር። ከአገሬው ድንጋይ ጠራቢዎች አንዱ ብቻ ደፍሮ ገዛ። ጠርሙሱን ከፈተ፣ አረፋው ሸሚዙን አራሰው፣ የቀረውን ወደ መሬት አፈሰሰና ጠርሙሱን ለዘይት መያዣ ይዞት ሄደ። ሳጥኑ እየተቆለለ ጣራ ሊነካ ደረሰ።

የካምቦው ሹም ሰው ቢራውን ያልጠጣበትን ምክንያት ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ማዶውን ሲያይ ጠላ ቤት አየ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለ ቢራውን ከኋላ እኔን ከጎን አስከትሎ መንገዱን ተሻገረ። አክስቴ ደጃፍ ሲደርስ በእንጨት ጫፍ የተደፋውን የጠላ ቤት ምልክት ቀና ብሎ አየ። ቲማቲም የተሳለበት፣ ከራሱ ካምቦ ወጥ ቤት የተጣለ ጣሳ ነበር። ትንሽ ቆም አለ። የገዛ ቆርቆሮው የተቀናቃኙ ባንዲራ መሆኑ ሳያስከፋው አልቀረም።

«ይህ ቤት ቆሻሻ ነው፣ በሽታ ያመጣል። ይዘጋል» አለ። እኔም በአማርኛ አልኩ።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ጋን ሌላ የሚያኖራት አልነበራትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እሷ ግን ማጥለያዋን እንደያዘች ነው።

«ቆሻሻው የቱ ጋ እንዳለ ያሳየኝና እጠርገዋለሁ በለው።»

ሹሙ ዙሪያውን አየ። ወለሉ ጠዋት በእበት የተለቀለቀ ነው። ይህን ዓይነቱን ንጽሕና ማስረዳት ከኔ ጣሊያንኛ በላይ ነበር። ሹሙ ጣቱን ወደ ዶሮዎቹ ቀሰረ።

«ዶሮዎቹ ጠላ አይጠምቁም በለው» አለች።

ተረጎምኩ። ባለ ቢራው ሳቀ፤ ሹሙ ዞር ብሎ ሲያየው ሳቁን ዋጠ። በዚህ መካከል የቀወቱ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ ተናገሩ።

«ሰውየው ተሳስቷል። ቢራውን ያልጠጣንለት ጠላ ስላለ አይደለም። ቀማሽ ስለሌለው ነው።»

ሹሙ ሲተረጎምለት ገረመው። «ጠርሙሱ እኮ የታሸገ ነው። ከፋብሪካው ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«ይኸው ራሱ ተናገረው» አሉ ሽማግሌው። «ማንም ያልነካውን ነገር እኔ ቀድሜ የምነካው ምን በደልኩ ብዬ ነው? ትናንት ከሰማይ መርዝ ሲያርከፈክፍብን የነበረ ሰው ዛሬ በጠርሙስ አሽጎ እንኩ ሲለኝ፣ ራሱ ሳይቀምስ?»

የመጨረሻውን አልተረጎምኩትም። አስተርጓሚዎች ዕድሜ የሚያገኙት እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር እየዋጡ ነው። የመጀመሪያውን ግን አልኩ። ሹሙ አሰበ። ይህ ሰው የሚፈልገው ጠላ ቤት መዝጋት ሳይሆን ሳጥኖቹ ባዶ ሆነው አለቆቹ ዘንድ እንዲመለሱለት ነበር። እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ እስከሚመጣው ገበያ ቀን ጊዜ ይሰጣል። ባለ ቢራው ለፈለገ ሁሉ ይቅመስ። የገበያው ቀን ማታ ሳጥኖቹ ባዶ ከሆኑ ጠላ ቤቱ አይዘጋም። ካልሆኑ ችግሩ ጠላው ነው ማለት ነውና ጋኑ ይሰበራል።

ሹሙ ሲወጣ አክስቴ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጎበዝ። እንግዲህ ጋኔን ላድን ብዬ የሱን ቢራ ልሸጥለት ነው።»

«እኔ የተናገርኩት እውነት ነው።»

«እውነትዎን ቤትዎ ሄደው ይናገሩ። እኔ ቤት ሲመጡ ጠላ ነው የሚጠጣው።» ወደኔ ደግሞ፣ «አንተም ብትሆን ሁሉን መተርጎም ምን አስፈለገህ?» አለችኝ። ሁሉን እንዳልተረጎምኩ ልነግራት ብዬ ተውኩት።

ከደጅ ሐጂው ድምፃቸውን አሰሙ። «እትዬ፣ አንቺ ቤት ከተዘጋ የኔን ማሽላ ማን ይገዛል? ኢንሻአላህ መላ አይጠፋም። ቢራው ይጠጣ እንጂ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ቢራ ይጠጣ ይላሉ?» አሉ ሽማግሌው።

«አስተግፊሩላህ። እናንተ ጠጡት ነው ያልኩት።»

አክስቴ በማግስቱ ጠዋት አዲስ ሕግ አወጣች። በገበያው ቀን አፉ ቢራ ቢራ ያልሸተተ ሰው ጠላ አይቀዳለትም። ቀድሞ መንገዱን ይሻገር፣ አንድ ጠርሙስ ይጠጣ፣ ከዚያ ይምጣ። ደንበኛው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አፍ የሚያሸት ሰው ማግኘት ግን አስቸገረ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱ ጠላ ጠላ ይሸታልና የሌላውን መለየት አይችልም። በመጨረሻ ዓይኑ ሁሉ ወደ ደጅ ዞረ።

«እኔ?» አሉ ሐጂው። «መካ ደርሼ መጥቼ የሰካራም አፍ ላሸት?»

«ከርስዎ ሌላ ንጹሕ አፍንጫ የለም» አለቻቸው አክስቴ።

ትንሽ አሰቡ። «ማሽላው ወደፊትም ከኔ ነው የሚገዛ?»

«ከርስዎ ነው።»

«ወላሂ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ» አሉ። ይኸው ተናገርኩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አሁን አይሰሙኝም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ቢራ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ተሠራ፤ ሹሙ ከካምቦው በመነጽር እያየ ሳይደሰት አልቀረም። እኔ ባለ ቢራው አጠገብ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር።

«ይቅመስልኝ» አለ።

ባለ ቢራው ጠርሙሱን ከፈተና አፉን አስጠግቶ ጎንጨት አለ። ድንጋይ ጠራቢው ወደ ኋላ ሸሸ። «አፉን አሳረፈበት። እኔ የሰው ትርፍ ልጠጣ ነው? ሌላ ይክፈት።» ሁለተኛው ተከፈተ። በብርጭቆ እንዲቀምስ ነገርኩት፤ ግማሽ ብርጭቆ ቀድቶ ጨለጠ። ድንጋይ ጠራቢው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ የጎደለውን ለካ። «ይሄ ቀማሽ ነው ወይስ ባላጋራ?» አለና ጠጣ። ፊቱን አጨማደደ፣ ግሳት አወጣ፣ ወደ አክስቴ ቤት ሄደ። ሐጂው አፍንጫቸውን በሻሽ ጫፍ ሸፍነው ትንሽ ገለጥ አደረጉና ጠጋ አሉ። «ሸትቷል፣ ይግባ» አሉ።

ሰልፉ ቀጠለ። ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ጠርሙስ ይከፈታል፤ ለያንዳንዱ ጠርሙስ ባለ ቢራው ብርጭቆውን ይጨልጣል። መዳፍ የሚባል ነገር እንዳለ ያልነገርኩት እንደማያውቅ ስላልጠረጠርኩ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ሰው አይወለድም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ባለ ቢራው መዝፈን ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ የእናቱን ፎቶግራፍ ለሰልፈኛው እያዞረ አሳየ፤ ሰዉም ሥርዓት አዋቂ ነውና እየተቀበለ ሳመ። ከቀትር በኋላ ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደ ዶሮዎቹ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። ብወዘውዘው «ቀምሻለሁ፣ ቀምሻለሁ» ይለኛል በጣሊያንኛ።

ሰልፉ ቆመ። ከግማሽ የሚበልጠው ሳጥን አልተነካም። «ያለ ቀማሽ አንጠጣም» አለ ሰዉ፤ መበተንም ጀመረ። እኔ ልቅመስ ብል ከሰልፉ ውስጥ አንዱ «የባንዳ ምላስ ምስክር ይሆናል እንዴ?» አለ፤ ሳቁብኝ። መንገዱን ተሻግሬ ለአክስቴ ነገርኳት።

አክስቴ ፀሐይዋን አየች። ጋኑን አየች። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ መንገዱን ተሻገረች። ሽማግሌው ከኋላዋ ተከተሉ፤ ጠላ ቤቱ ውስጥ የነበረውም ሁሉ ዋንጫውን እንደያዘ ወጣ።

መጀመሪያ ባለ ቢራውን ልታስተምረው ሞከረች። እጁን ያዘችና ውሃ አፈሰሰችበት፤ በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ አለ። መዳፉን አጎድጉዳ ጠብታ ቢራ አኖረችበት። «ይላስ እንጂ አይጠጣ በለው።» ነገርኩት። እጁን ወደ አፉ ወስዶ ጉንጩን ቀባና ተመልሶ ተኛ።

«ይሄስ አልፎለታል» አለች። ጠርሙሱን ራሷ አነሣች።

አክስቴ ቢራ ቀምሳ አታውቅም። በዚያ መንደር ማንም ቢሆን የሷ ጉሮሮ ሲወርድ ካየ ይጠጣል፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ካልቀመሰች ጋኗ ማታ ይሰበራል። ከቀመሰች ደግሞ የማታውቀውን ሰው መጠጥ፣ ከማታውቀው አገር የመጣውን፣ በገዛ መዳፏ ልትመሰክርለት ነው። ሽማግሌው ጠጋ ብለው በለሆሳስ «እትዬ፣ ተይው። ጋን ሌላ ይገዛል» አሏት። አስቀድመው እውነት የተናገሩት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

መዳፏን አጎደጎደች። ጠብታ አፈሰሰች። ወደ ብርሃኑ አዞረች። ላሰች። ጉሮሮዋ ወረደ።

«ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው።

«ጌሾ አለው» አለች፤ የሆነ ዘመድ በሰው አገር እንዳገኘ ሰው ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ላሰች። «ጌሾው በዝቷል። እህሉ ደህና ነው። ጠላ ሊሆን ፈልጎ ሰው ያላገዘው ነው።»

እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። እስከ መጨረሻው ጠጡና «በሥርዓት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰልፉን የሚይዘው ጠፋ። አክስቴ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እየቀመሰች ሰጠች፤ እኔ ቆርኪ አነሣሁ። ሐጂው ከማዶ «እትዬ፣ ማንን ላሽት፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው» እያሉ ተጣሩ። ሹሙ ወደ ማታ ሲመጣ ባዶ ሳጥን፣ የተኛ ጣሊያን፣ ከነመቀነቷ ቀጥ ብላ የተቀመጠች አንዲት ሴት አገኘ። ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ አላወረደም። ቃሉን ጠበቀ፤ ይህንንም ስለሱ የምናገረው ስላየሁት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የከረባቱን ሰውዬ ደስ ባሰኘሁት ነበር። ግን በሳምንቱ የገበያ ቀን ባለ ቢራው ራሱ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አክስቴ ደጃፍ ቆመ። ትቅመስልኝ አለ። እምቢ ብትል ሹሙ አለ፤ ሄደች። በሚቀጥለውም ሄደች። መጀመሪያ ሰዉ አንድ ቢራ ጠጥቶ ለጠላው ይቸኩል ነበር። ቆይቶ ሁለት ጠጥቶ መጣ። ከዚያ አንዳንዱ እዚያው ቀረ። ቢራው ለብ ያለ ቢሆንም ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ ሲያረፍዱበት አይቆጣም። «እትዬ የቀመሰችው አይደለም እንዴ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀምሳዋለች። ባለ ቢራው መዳፉን ማጎድጎድ ተማረ፣ በኋላም ከሷ እኩል ሆነ። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ቅመስልኝ የሚለው አልነበረም።

ጣሊያኖቹ ሲወጡ ከቢራ ቤቱ የቀረው ቆርቆሮውና የባዶ ጠርሙስ ክምር ነው። ቆርቆሮውን ሌላ ሰው ወሰደ። አክስቴ ጠርሙሶቹን አጥባ ጠላ ሞላችባቸው፤ ደንበኛው ከዋንጫ ይልቅ በጠርሙስ ሲያይ ደስ ይለው ጀመር። አንድ ቀን እንደ ልማዷ መዳፏን ስታጎደጉድ አንድ ወጣት ነጋዴ «ተይው እትዬ፣ በጠርሙስ ነው እኮ» አላት። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም። በምን እንደተናደደች ብጠይቃት «ምንም» አለችኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሮቢት ወረድኩ። አክስቴ አርጅታለች፤ ጋኑ ጓሮ ተደፍቶ ዶሮ ይፈለፈልበታል። አስፋልቱ ዳር ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ተከፍቷል አሉና ይዣት ሄድኩ። አስተናጋጇ ሁለት ቢራ አምጥታ ፊታችን ከፈተች፤ እኛ አገር ጠርሙስ ሰው ፊት ካልተከፈተ ማንም እንደማይቀበል ልብ ብላችሁ ይሆናል። አክስቴ ቆርኪው ሲነሳ አየች። ከዚያ የኔን ጠርሙስ ሳብ አድርጋ መዳፏን አጎደጎደች። እጇ እንደ ድሮው ስለማይመጥን ጠብታዋ በረከተች፤ ቢሆንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት፣ ላሰች። አስተናጋጇ ጠረጴዛ መጥረጓን ትታ ታያለች።

«ጠጣ» አለችኝ፣ በሁለት እጇ እየሰጠችኝ። «ጌሾው ዛሬም በዝቷል።»

ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ከሷ ጠላ ይሻላል። ይህን አልነገርኳትም።

«አውቃለሁ የምታስበውን» አለችና የራሷን ጠርሙስ ወደኔ ገፋች። «እንግዲህ የኔን ደግሞ አንተ ቅመስልኝ።»